ከማኅተሙ ጀርባ፦ የባለሥልጣናትን ደብዳቤዎች ስለ መሰብሰብ

መግቢያ

የመሪዎችና የባለሥልጣናት ማኅተም ወይም ፊርማ ያረፈባቸው ደብዳቤዎች ሁለት ዓይነት ፈላጊዎች አሏቸው። አንደኛው ቅርስ ሰብሳቢው ሲሆን ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ምልክቱ ላይ ነው። ሁለተኛው የታሪክና የሥነ ጽሑፍ አጥኚ ሲሆን የሚፈልገው ቃሉን ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም የሚዘነጉትን ሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ደብዳቤው የተላከለትን ሰው፣ ማስታወስ ነው።

1. ማኅተምና ፊርማ

በ19ኛው መቶ ዓመት የነገሥታት ደብዳቤዎች ላይ ፊርማ የሚፈልግ ሰብሳቢ ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። የዳግማዊ ምኒልክ ደብዳቤ፣ ለምሳሌ፣ የሚታወቀው በራስጌው ባረፈው ማኅተም ነው። «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ከሚለው መክፈቻ በኋላ «ይድረስ» ብሎ ተቀባዩን ይጠራል፤ ደኅንነቱን ይጠይቃል፤ ጉዳዩን ይናገራል፤ በመጨረሻም የተጻፈበትን ቀንና ከተማ ያመለክታል። እቴጌ ጣይቱም የራሳቸው ማኅተም ነበራቸው። ቃሉን በወረቀት የሚያሰፍሩት ጸሐፊዎች ስለ ነበሩ የእጅ ጽሕፈቱን የንጉሡ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ላይ ይጥላል።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመሥሪያ ቤቶች አሠራር እየሰፋ ሲሄድ የደብዳቤ ቁጥር፣ የኃላፊው ፊርማ፣ ክብ ማኅተምና ግልባጭ የተለመዱ ሆኑ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለው መፈክር መዝጊያ ሆኖ መጣ። እነዚህ ምልክቶች ቀኑ የጠፋበትን ደብዳቤ ዘመን ለመገመት ይረዳሉ።

2. ቃሉና መልሱ

ይሁን እንጂ ደብዳቤ ለብቻው ምሉዕ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. በቆንስል ካሜሩን በኩል ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ታሪክ የሠራው በማኅተሙ አይደለም። ታሪክ የሠራው መልሱ በወቅቱ ባለመምጣቱ ነው። ቆንስሉ ታሰሩ፤ ነገሩም በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ተጠናቀቀ። ስቬን ሩቤንሰን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «አክታ ኢትዮፒካ» በሚል ርእስ ባሳተሟቸው ቅጾች ደብዳቤዎቹን ከነምስላቸውና ከነትርጉማቸው በዘመን ቅደም ተከተል ማቅረባቸው የላኪውንና የተቀባዩን ቃል አያይዞ ለማንበብ ያስችላል።

3. የእምድብሩ ወረቀት

በቤተ መንግሥት ደብዳቤዎች የተማርሁትን በገጠር ቤት ውስጥ ተግባራዊ ማድረግ ግን አልቻልሁም ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ መረጃ ሳሰባስብ በቸሃ ወረዳ፣ ከእምድብር ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ መንደር ሄጄ ነበር። አንድ አዛውንት በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት ከሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ለማስወጣት በተነሡበት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከአንድ የአውራጃ ባለሥልጣን የተላከ ነበር። ፊርማውና ማኅተሙ አልደበዘዙም። እኔም ቃል በቃል ገለበጥሁት።

«ልጄ፣ ጀርባውንስ አትጽፈውም?» አሉኝ።

«ግድ የለም አባባ፣ ይህ ይበቃኛል» አልኋቸው።

ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ የስም ዝርዝር ነበር፤ ማን ስንት ብር እንዳዋጣ፣ ማን እንደ ቀረበት። አማርኛውና ቸሃው ተደባልቋል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፉትና በቮልፍ ሌስላው ትርጉም በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመው ልቦለድ ለሥነ ጽሑፋችን ብርቅ መሆኑን በክፍል ውስጥ የማስተምር ሰው፣ በቸሃ የተጻፈ የዕለት ኑሮ ጽሑፍ በእጄ ይዤ አለፍሁት።

ከዓመታት በኋላ ስመለስ አዛውንቱ አርፈዋል። የሣር ቤቱ ፈርሶ የቆርቆሮ ቤት ሲሠራ ሣጥኑ ዝናብ እንደ መታው ልጃቸው ነገሩኝ። ዛሬ እኔ ዘንድ ያለው የባለሥልጣኑ ቃል ብቻ ነው። ተመሳሳዩ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ሊገኝ ይችላል፤ የጀርባው ግን ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ለመስክ ሥራ የሚወጡ ተማሪዎች አራት ነገሮችን እንዲያስቡ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ወረቀቱን ፊትና ጀርባ፣ ኅዳጉንና ፖስታውን ጭምር ፎቶግራፍ ማንሣት። ሁለተኛ፣ ከማን እንደ መጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈና ለምን እንደ ተጠበቀ ባለቤቱን ጠይቆ በአንደበታቸው መመዝገብ። ሦስተኛ፣ ፊደሉን ሳያርሙ እንዳለ መገልበጥ። አራተኛ፣ ዋናውን ለባለቤቱ ትቶ ቅጂውን መውሰድ፤ ቤተሰቡ ከፈቀደ ደግሞ አንድ ቅጂ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም በወመዘክር እንዲቀመጥ ማድረግ። ባለቤቱ «ይህንንም ጻፈው» ካሉ፣ ጥቅሙ ወዲያው ባይታየንም እንጻፈው።