ዘንድሮ አስታማሚ ነበርኩ

ጳጉሜን ደመወዝ የማይታሰብባት ወር ናት እየተባለ ይቀለድባታል። እኔ ግን ሒሳቤን የምሠራው በእሷ ነው። በ1975 ዓ.ም. በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ከተመደብኩ ጀምሮ፣ በእነዚህ አምስት ቀናት (በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ይሆናሉ) ያለፈውን ዓመት በደብተር አሰፍራለሁ። የ1977ቱ ገጽ አራት መስመር ብቻ ነው፤ ያንን ድርቅ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል። የክትባት ሳጥን በበቅሎ ጭነን ቆላ የወረድንባቸው ዓመታት ደግሞ ረጃጅም ናቸው። በ2013 ጡረታ ስወጣ ደብተሩ ከእንግዲህ ብዙ የሚጻፍበት አይኖረውም ብዬ ነበር። ዘንድሮ፣ በ2017፣ ገጹ አልበቃ ብሎኝ ሌላ ደብተር ገዛሁ።

ምክንያቱ ባለቤቴ ነው። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እሱን «ጋሼ» እኔን ደግሞ «ሲስተር» ይለናል። በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ የቆሻሻው ጭስ ከሰፈር ገና ሳይጠፋ፣ ቁርስ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሻይ ብርጭቆው ከእጁ አመለጠ። ቀና ብዬ ሳየው አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። «ሁለቱንም እጅህን አንሣ» አልኩት። ግራው ተነሣ፣ ቀኙ ወደቀ። ሊመልስልኝ ሲሞክር ቃሉ ተቆላለፈበት። ሰዓቴን አየሁ፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20 ይላል።

ሰዓት ማየቴ የሙያ ልማድ ነው፤ አንባቢም ቢይዘው ደስ ይለኛል። የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ መዛል፣ የንግግር መተሳሰር በድንገት ከመጣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል ብሎ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መነሣት ነው። እዚያ ከሚጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «መቼ ጀመረው?» የሚል ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚሰጥ ነውና። በአገራችን በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ እኛም አላገኘነውም።

ጎረቤቶቼ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው መጡ። አልተቀየምኳቸውም፤ ከልባቸው ነው። ነገር ግን አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ አፉ አላስጠጋሁም። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ሊያቅተው ይችላል፤ ያኔ ውሃውም፣ ጠበሉም፣ ዳማከሴውም መንገድ ስቶ ሳንባ ይገባል። ጠበሉን ግንባሩ ላይ ረጩለት፤ በጎረቤት መኪና ወጣን።

አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ነጭ ጋወን ለብሼ 38 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አስታማሚ ሆኜ ወንበር ላይ ሳድር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በዙር ሰዓት «አስታማሚ ይውጣ!» ብዬ ስንት ጊዜ እንደተጣራሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ሥርዓቱ ትክክል ነው፣ ዛሬም ያንኑ እላለሁ። ዘንድሮ ከበሩ ማዶ ከሚወጡት ጋር ወጣሁ።

ከበሩ ማዶ አንድ መንደር አለ። ወር የቆየች አንዲት እናት ካርድ ክፍሉ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ማታ ብርድ ልብስ የሚያውሰው የትኛው ጥበቃ እንደሆነ በአንድ ሌሊት አስተማረችን። ከሰላሌ እናቱን ይዞ የመጣ ወጣት ነበር፤ ምሳ ዕቃችንን አንድ ላይ ከፍተን እንበላለን። ሐኪሙ አናግሯቸው ሲሄድ ሁሉም ወደኔ ዞረው «ሲስተር፣ ምን አለ?» ይላሉ። ሐኪሙ በአማርኛ፣ በቀስታ ነው የተናገረው። ፍርሃት ጆሮ ይደፍናል። እኔ ራሴ የባለቤቴን የሲቲ ስካን ውጤት ሁለት ጊዜ አስደግሜያለሁ።

ስለዚህ ከዙር በፊት ጥያቄ መጻፍ ጀመርን። ይህ መድኃኒት ለምንድን ነው? ምን ምልክት ካየን እንጥራችሁ? ቤት ስንገባ ምን እናድርግ? ወጣቱ ወረቀት ስላልነበረው መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈ። ሐኪሙ መዳፉን አይቶ ሳቀ፤ ቆሞም አንድ በአንድ መለሰለት።

ቤት ስንገባ ሥራው የማውቀው ሥራ ነበር፤ ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ያሳየንን እንቅስቃሴ ማሠራት፣ የግፊት መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት። በዐቢይ ጾም የንስሐ አባታችን መድኃኒቱን በጠዋት እንዲወስድ ነግረውት ነገሩ አለቀ። የከበደኝ ጠያቂው ነበር። ብርቱካኑንም ምርቃቱንም እወዳለሁ። ግን ለምን እንደሚጮኹበት አይገባኝም። የጠፋው ንግግሩ እንጂ ጆሮው አይደለም! ደግሞ እሱ ፊት ተቀምጠው «አሁን ሰው ይለያል?» ብለው እኔን ይጠይቁኛል።

በታኅሣሥ አንድ ማታ አጠገቡ ቆሜ «አባታችን ሆይ» ስል ድምፁን ሰማሁ። አብሮኝ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ጥርት አድርጎ ደገመው። እያለቀስኩ «እስቲ ስሜን ጥራው» አልኩት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ አልመጣለትም፣ ዓይኑን ከእኔ አዞረ። በልጅነት በቃል የተያዘ ነገር፣ ጸሎትም፣ ዘፈንም፣ ቁጥርም፣ ሌላው ንግግር ሲጠፋ ብዙ ጊዜ እንደሚተርፍ ከተማርኩ ቆይቻለሁ። ከገዛ ባለቤቴ አፍ ስሰማው ግን እንደ ትምህርት አልሆነልኝም።

በቀረው ነገር ጀመርን። የማባዣ ሰንጠረዥ አልጠፋበትም፤ ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት እንደሆነ ይናገራል፣ ማንኪያን «ማንኪያ» ማለት ያቅተዋል። ድሮ ሒሳብ ያስጠናት የነበረች የጎረቤት ልጅ፣ አራተኛ ክፍል ናት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየመጣች ቁልፍ፣ ማንኪያ፣ ጫማ እያነሣች «ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?» ትለዋለች። ከዚያ ትጠብቃለች። አንዳንዴ ደቂቃ ያልፋል፤ እሷ እግሯን እያወዛወዘች ትጠብቃለች። ነርስ ችኩል ፍጡር ናት፤ አርባ ታማሚ እየጠበቃት ነው ያደገችው። ቃሉን ከአፉ ነጥቄ ልጨርስለት ሲቃጣኝ ምላሴን እነክሳለሁ። ከዚያች ሕፃን የተማርኩት ይህን መጠበቅ ነው፤ በ64 ዓመቴ።

በሚያዝያ የራሴን ግፊት ለካሁ፤ 150 በ95። በሌላ ቀንም ደግሜ ለካሁት፣ አልወረደም፤ እኔም መድኃኒት ጀመርኩ። የምታስታምሙ ሁሉ የራሳችሁንም ተለኩ።

በሰኔ፣ ቡና እየቆላሁ ሳለ ከኋላዬ «ሲስተር!» የሚል ጥሪ ሰማሁ። ጎረቤት የገባ መስሎኝ ዞርኩ። እሱ ነው። 36 ዓመት በትዳር ስንኖር እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ሰፈሩ ሁሉ ሲጠራኝ የሰማውን ስም ነው ያገኘው። ሁለታችንም ሳቅን፤ ጭልፋውን ጥዬ ቡናው አረረ። ትክክለኛ ስሜ በነሐሴ መጣ፣ ግማሹ።

አሁን በምርኩዝ እስከ ግቢው በር ይደርሳል። ቀኝ እጁ የሸሚዝ ቁልፍ ገና አልቻለም። ይህን የምጽፈው በጳጉሜን 2 ማታ ነው። ነገ ሩፋኤል ነው፤ ዝናቡ ከጣለ የሰፈሩ ልጆች እንደ ልማዳቸው ሊጠመቁበት ይወጣሉ። እራት ላይ ብዙ ታገለና «ዝናብ... በር... ወንበር» አለኝ። የፕላስቲኩን ወንበር ግቢው በር ላይ አስቀምጫለሁ። ጃንጥላ አላዘጋጀሁም።