የመስጊዱ ሰዓት ጠባቂ፦ እስልምናና ሳይንስ በሥነ ፈለክ ታሪክ ውስጥ

በገለጻዬ የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

የሳይንስን ታሪክ ሳስተምር ከተማሪዎች ደጋግሜ የምሰማው አንድ ትረካ አለ። የእስልምናው ዓለም በባግዳድ የዐባሳውያን ዘመን በዕውቀት አበበ፤ ከዚያም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ በ1095 ገደማ ፈላስፎችን የሚነቅፍ መጽሐፍ ጻፈ፤ መብራቱም ያን ጊዜ ጠፋ ይላል። በተቃራኒው የቆሙት ደግሞ ዛሬ የምናውቀው ሳይንስ ሁሉ አስቀድሞ በቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ነበር ይሉኛል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ሁለቱም ሃይማኖትን እንደ አንድ ግለሰብ ቆጥረው ሳይንስን ወደደ ወይም ጠላ ብለው ይፈርዳሉ። የተሻለው ጥያቄ ተራ የሚመስል ነው፦ የሥነ ፈለክ ሊቁን ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነበር? ምን እንዲሠራለትስ ነበር የሚከፍለው?

ስለ አል-ገዛሊ ጥቂት ልበል። ጠቡ ከፈላስፎቹ ጋር የነበረው ዓለም መጀመሪያ የላትም፣ ፈጣሪም ዝርዝር ነገሮችን በየነጠላቸው አያውቅም በሚሉት ትምህርቶቻቸው ላይ ነው። በዚያው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ግን የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሽ ምክንያት በሒሳብ የተረጋገጠ መሆኑን፣ ይህንንም በሃይማኖት ስም የሚክድ ሰው ሃይማኖቱን ራሱን እንደሚጎዳ በግልጽ አስፍሯል። የሳይንስ ቀባሪ የተባለው ሰው የጻፈው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ደመወዙ ጥያቄ እንመለስ። ሙስሊም በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳል፤ የሶላቱም ወቅት የሚታወቀው በፀሐይ ነው። የዐስርን ሶላት እንውሰድ። ወቅቱ የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ በቀትር ከነበረው ርዝመት በላይ በዚያው ነገር ቁመት ልክ ሲጨምር ነው፤ በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ የቁመቱን እጥፍ ሲጨምር። ባለ አንድ ሜትር ዘንግ በቀትር 30 ሳንቲ ሜትር ጥላ ከጣለ፣ በመጀመሪያው ስሌት ዐስር የሚገባው ጥላው 1 ሜትር ከ30 ሲደርስ ነው ማለት ነው። ለእረኛ ይህ በዓይን ይበቃዋል። ለአንድ ከተማ የዓመቱን ቀናት ሁሉ የሚሸፍን ሰንጠረዥ የሚያዘጋጅ ሰው ግን የከተማዋን ኬክሮስ፣ ፀሐይ በየዕለቱ የምትደርስበትን ከፍታ፣ ከፍታውም ከጥላው ርዝመት ጋር ያለውን ዝምድና ማስላት አለበት። እናንተ በትሪጎኖሜትሪ ክፍል ታንጀንትና ኮታንጀንት የምትሉት ነገር ለእነርሱ የጥላ ስሌት ነበር።

የቂብላም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ክብ በሆነች ምድር ላይ ከአንድ ከተማ ወደ መካ የሚያመለክተውን አቅጣጫ ማግኘት የሉል ጂኦሜትሪ ይጠይቃል። አል-ቢሩኒ በ1025 የከተሞችን መገኛ ስለ መወሰን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ዛሬ በአፍጋኒስታን የምትገኘውን የገዝናን ቂብላ ማስላት ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ መስጊዶች በሊቃውንቱ ስሌት ሳይሆን በልማድና በፀሐይ መውጫና መግቢያ ተመርተው ተሠርተዋል። የሕግ ዐዋቂዎቹ የሒሳብ ሰዎችን ሁልጊዜ አማክረዋል ብንል ታሪክን ማሳመር ይሆናል።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የሚጠቀሙበት አቡሻክር በ13ኛው መቶ ዓመት በአንድ የግብፅ ክርስቲያን በዐረብኛ ተጽፎ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። የፋሲካን ቀን ለማግኘትም ሰማይን መቁጠር ግድ ነበር።

ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በግብፅ፣ ቀጥሎም በሶርያ ታላላቅ መስጊዶች ውስጥ ሙወቂት፣ ማለትም ሰዓት ጠባቂ፣ የሚባል ባለሙያ ተቀጠረ። ደመወዙ በአብዛኛው ከወቅፍ፣ ለመስጊዱ በቋሚነት ከተሰጠ ርስትና ሱቅ ኪራይ፣ የሚመጣ ነበር። ሱልጣኑ ቢሞት የሱቁ ኪራይ አይቆምም።

በደማስቆ የኡመያ መስጊድ የሙወቂቶች አለቃ የነበረው ኢብን አል-ሻጢር (1304-1375) ከእነዚህ አንዱ ነው፤ አል-ገዛሊ ካረፈ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ያስጨነቀው ነገር የፕቶሎሚ የጨረቃ ሞዴል ነበር። ሞዴሉ ጨረቃ ያለችበትን አቅጣጫ ጥሩ አድርጎ ይተነብያል፤ ነገር ግን ከምድር ያላትን ርቀት እጥፍ ያህል ያለዋውጣል። ያ እውነት ቢሆን ጨረቃ አንዳንድ ጊዜ እጥፍ ገዝፋ ትታየን ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰማይን ያየ ሰው ሁሉ ይህ እንደማይሆን ያውቃል። ኢብን አል-ሻጢር በክብ ላይ ክብ ደርቦ አቅጣጫውንም ርቀቱንም የሚያስማማ ሞዴል ሠራ። የሶላት ሰንጠረዥ ለማውጣት ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልገውም ነበር። መስጊዱ እንጀራና ጊዜ ሰጠው፤ ጥያቄው ግን የራሱ ነበር።

መሠረቱን የጣሉለት ደግሞ በፋርስ ምድር በማራጋ የሠሩት ሊቃውንት ናቸው። የማራጋን የሰማይ መመልከቻ በ1259 ያቋቋመው ነሲር አል-ዲን አል-ጡሲ ነው፤ ገንዘቡን የሰጠው ከአንድ ዓመት በፊት ባግዳድን ያወደመው ሁላጉ መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው። አል-ጡሲ የወቅፍ ገቢዎችንም ያስተዳድር ስለነበር መመልከቻው ሁላጉ በ1265 ከሞተ በኋላም ለዐሥርት ዓመታት ቀጠለ። በአንድ ገዥ ፍቅር ላይ ብቻ የቆሙት እንዲህ አልታደሉም። ራሱ ሊቅ የነበረው ኡሉግ ቤግ በ1449 ሲገደል የሳማርቃንድ መመልከቻው ተዘጋ።

ኢስታንቡል በ1577 የታቂ አል-ዲንን መመልከቻ አገኘች። በዚያው ዓመት ጅራታም ኮከብ ታየች፤ ታቂ አል-ዲንም ለሱልጣን ሙራድ ሦስተኛ መልካም ገድ ናት ብሎ ተረጎማት። የቤተ መንግሥቱ ሽኩቻና የሃይማኖት መሪው ተቃውሞ ተጨምሮበት ሕንፃው በ1580 ፈረሰ። ይህንን እስልምና ሳይንስን ለመጥላቱ ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። በዴንማርክ ንጉሥ ገንዘብ የተሠራው የቲኮ ብራሄ ኡራኒቦርግስ? አዲሱ ንጉሥ ድጋፉን ሲነፍገው ቲኮ በ1597 አገሩን ጥሎ ሄደ፤ ከሞተም በኋላ ሕንፃው ፈረሰ። ስለዚያ ሉተራዊነትን የሚከስ አላጋጠመኝም።

በ1950ዎቹ ተመራማሪዎች የኢብን አል-ሻጢርን የእጅ ጽሑፍ ሲመረምሩ የጨረቃ ሞዴሉ በሒሳብ ይዘቱ ከኮፐርኒከስ ሞዴል ጋር አንድ ሆኖ አገኙት። በ1543 በታተመው የኮፐርኒከስ መጽሐፍ ውስጥ የአል-ጡሲም ስልት አለ፦ እጥፍ በሚሆነው ክብ ውስጥ የሚሽከረከር ትንሽ ክብ፣ በጠርዙ ላይ ያለው ነጥብ በቀጥታ መስመር የሚመላለስ። በማን እጅና በየትኛው መንገድ ወደ አውሮፓ እንደተሻገረ እስከ ዛሬ ሊቃውንት ይከራከራሉ። በእኔ ግምት የአጋጣሚ ነገር ለመሆን መመሳሰሉ እጅግ በዝቷል፤ ፀሐይን መካከል ያደረገው ግን ኮፐርኒከስ እንጂ የደማስቆው ሰው አይደለም።

ኢብን አል-ሻጢር በ1371 ለመስጊዱ ሚናራ የሠራው ትልቅ የእብነ በረድ የፀሐይ ሰዓት ተሰብሮ ስብርባሪው ዛሬ በደማስቆ ሙዚየም ይገኛል። በሚናራው ላይ ያለው ቅጂ ነው፤ እርሱንም በ1876 የሠራው የዚያው መስጊድ ሙወቂት የነበረው አል-ጠንጣዊ ነው።