መንደር የሚያውቀው ምስጢር

የእንግሊዝን የገጠር የወንጀል ምርመራ ድራማዎች እንደምወድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ያነሣብኛል፤ «በዚያች ሚጢጢ መንደር ያ ሁሉ ሰው እንዴት ይሞታል?» ጠያቂው ሬሳውን ሲቆጥር መንደሩን ሳያይ ቀርቷል።

አካሄዳቸው የታወቀ ነው፤ ሰው ይገደላል፣ መርማሪ ይመጣል፣ ሁሉም ይጠረጠራል፣ በመጨረሻ ገዳዩ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው «ሚድሶመር መርደርስ» በዚሁ መንገድ ከሃያ ዓመት በላይ ዘልቋል። «ፋዘር ብራውን»ም መርማሪው የካቶሊክ ቄስ ከመሆኑ በቀር ከዚህ አይርቅም። ተመልካቹን ይዞ የሚያስቀምጠው ግን ሞቱ አይደለም። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ቀዬ፣ ቤተ ክርስቲያን አብሮ በሚሳለም፣ ጠዋት ማታ ሰላም በሚባባል ሕዝብ መካከል አንድ ነገር ተሸሽጎ መኖሩ ነው።

የአጋታ ክሪስቲዋ ሚስ ማርፕል ይህን ከማንም በላይ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1992 በቢቢሲ በታየው ድራማ ጆአን ሂክሰን የተጫወተቻት ይህች አሮጊት ሥልጣንም መሣሪያም የላትም። ሹራቧን እየሠራች ታዳምጣለች። ተጠርጣሪውን ስታይ በመንደሯ በሴንት ሜሪ ሚድ የምታውቀው ሰው ትዝ ይላታል፤ በዚያ ሰው ጠባይ ተነሥታ የዚህኛውን ገመና ትደርስበታለች። ጥበቧ በአንድ ቦታ ኖሮ ሰውን ማወቅ ብቻ ነው።

ለእኛ ደጋ አገር ይህ ጥበብ እንግዳ አይደለም፤ አውጫጭኝ አለን። በሌላው የአገራችን ክፍል አፈርሳታ ይሉታል። ከብት ተነድቶ፣ ክምር ተቃጥሎ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሹም ነዋሪውን ሜዳ ላይ ይሰበስባል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፣ ሕዝቡ ይምላል፣ እያንዳንዱም የሚያውቀውን እንዲናገር ይጠየቃል። ነገሩ ካልወጣ ሌላ ቀጠሮ ይያዛል፤ ሰው እርሻውን ትቶ እንደገና ይቀመጣል። ጨርሶ ካልተገኘ ደግሞ የተበዳዩን ካሳ ነዋሪው አዋጥቶ ይከፍላል።

ከሥርዓቱ ሁሉ እኔን የሚደንቀኝ ወፉ ነው። ደም በሚመላለስበት አገር ጎረቤትን በአደባባይ «አንተ ነህ» ማለት ለልጅ ልጅ ጠላት መግዛት ነው። ስለዚህ ያየ ሰው «አየሁ» አይልም። ተራው ሲደርስ ጋቢውን አፉ ላይ ሰብሰብ አድርጎ ወደ ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ይልና «ወፍ ነገረኝ» ይላል። የሚናገረው የወፉን ቃል እንጂ የራሱን አይደለም። ሽማግሌዎቹም ወፉ ማን እንደሆነ አያወጡም። ምስክሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከጎረቤቱ ጋር እንደ ትናንቱ ቡና ይጠጣል፤ እውነቱ ግን ሜዳው ላይ ወጥቷል። የመንደርን ፍርሃት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሕዝብ ብቻ ነው እንዲህ ያለ መላ የሚያበጅ።

በእንግሊዙ ድራማ ሬሳው የሚበዛውም እንዲህ ያለ መላ ስለሌለ ነው። ሁለተኛውን ሟች ልብ ብላችሁ እዩት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀውን ሳይናገር የዘገየ ሰው ነው። አንዱ ፈርቶ፣ አንዱ ገንዘብ ሊቀበልበት አስቦ፣ አንዱ ደግሞ ያየው ነገር ዋጋ ያለው ሳይመስለው ቆይቶ ገዳዩ ይቀድመዋል። ወፍ የሚልክበት ቢኖረው ኖሮ ነፍሱ በተረፈ ነበር።

ወገራ ተወልደው ጎንደር ከተማ ያረጁት አጎቴ አንድ የሚስ ማርፕል ፊልም አብረውኝ ሲያዩ ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሱት። ፖሊሱ ከቤት ቤት ሲዞር «ምን ያንከራትተዋል? ለምን አያስቀምጣቸውም?» አሉ። መጨረሻው ላይ ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ አንድ ክፍል ሲሰበሰቡ ደግሞ ከመቀመጫቸው ቀና ብለው «ይኸው! ተቀመጡ» አሉኝ።

አውጫጭኝን ከሌባሻይ ጋር የሚያምታቱ ሰዎች ግን ቢታረሙ ደስ ይለኛል። በሌባሻይ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ወገቡን ታስሮ ይለቀቅ ነበር፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ያ የመድኃኒትና የዕድል ፍርድ ነበር። አውጫጭኝ የሚቆመው በሰው ዐይን፣ በሰው ጆሮና በመሐላ ነው። ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር «ኋላ ቀር ልማድ» ብሎ የሚያልፍ ጸሐፊ አንዱንም አልመረመረም።

ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም። ያልበደለ ሰው ካሳ ያዋጣል፤ ቂመኛም በወፍ ስም ጠላቱን ሊያስይዝ ይችላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን ለፖሊስ ሰጥቷል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ መብት ሊጠበቅ ይገባል።

ለድራማ ግን ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? የተዘጋ ቀዬ፣ የማለ ሕዝብ፣ ስሙ የማይታወቅ ወፍ፣ ሜዳው ላይ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ በደለኛ። ደራሲዎቻችንና ፊልም ሠሪዎቻችን ካሜራቸውን ከከተማ ቪላ አውጥተው ወደ ዳባትና ደባርቅ ያዙሩት። ከዚያ በፊት ግን አውጫጭኝ የተቀመጡ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁን ጻፉት።