ካምቢዮው ሲጮህ፦ ሙሳክ ከመግባታችሁ በፊት አዳምጡት

ገና ሳይነጋ ወደ አሽዶድ ወደብ በሚወስደው መንገድ ላይ የቆመ ሰው ብዙ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ኮንቴይነር የጫኑ መኪናዎች ወደ በሩ ይጠጋሉ፤ ይቆማሉ፤ እንደገና ጥቂት ይጠጋሉ። በመካከላቸው ለጠዋት ፈረቃ የሚጣደፉ ሠራተኞች ትንንሽ መኪናዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ የእናንተ ሊሆን ይችላል። ፍሪሲዮኑን ስትረግጡ «ዝዝዝ» ይላል፤ ሁለተኛ ማርሽ ስታስገቡ «ክርርር» ይላል። ልባችሁ ይደነግጣል። መኪናው ከቆመ ፈረቃው ይቀራል፤ ፈረቃው ከቀረ ደመወዙ ይጎድላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጭንቀት ሙሳኩ ነው። ዕብራይስጡ ገና አልተለመደም። መካኒኩም በችኮላ «ጊሩ አልቋል» ይላችሁ ይሆናል፤ በዚህ አገር ካምቢዮውን «ጊር» ይሉታል። ለአሮጌ መኪና ሙሉ ካምቢዮ ማስቀየር ደግሞ ለቤተሰብ ከባድ ወጪ ነው። ነገር ግን ከካምቢዮው አካባቢ የሚሰማ ድምፅ ሁሉ ካምቢዮው አልቋል ማለት አይደለም። ዘይት ጎድሎ ሊሆን ይችላል፤ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል፤ የጎማ ኩሽኔታም ሊሆን ይችላል። ለመለየት የሚረዳው አንድ ጥያቄ ነው፦ ድምፁ መቼ ይመጣል? መቼስ ይጠፋል?

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከደባርቅ ቁልቁል በሊማሊሞ የወረደ፣ ወይም ያንን ዳገት በጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ የወጣ ሰው፣ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር በድምፁ ያውቅ ነበር። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን የምንላቸው ቃላትም ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። ጆሮው አለን፤ የሚቀረን የሰማነውን በዕብራይስጥ መናገር ነው።

ሥራው እንዴት ነው?

ሞተሩና ካምቢዮው በፍሪሲዮን ይገናኛሉ። ፔዳሉን ስትረግጡ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ስትለቁ ይያያዛሉ። ማርሹ ፎሌ ሆኖ ፔዳሉ ካልተረገጠ፣ መኪናው ቢቆምም በካምቢዮው ውስጥ አንዳንድ ዘንጎችና ጥርሶች ይዞራሉ። ፔዳሉን ስትረግጡ እነርሱ ይቆማሉ፤ በምትኩ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ሥራ ይጀምራል። ይህን ከያዛችሁ የመጀመሪያውን ምርመራ ራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ።

መኪናው ቆሞ

ገላጣ ቦታ ላይ አቁሙት፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሁን፤ የሞተር ጭስ ይገድላል። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ ማርሹን ፎሌ አድርጉ፤ ሞተሩን አስነሡ፤ ሬዲዮውን ዝጉ። አሁን አዳምጡ።

ፔዳሉን ሳትረግጡ ጩኸት ካለና ስትረግጡ ከጠፋ፣ ጥርጣሬው በካምቢዮው ውስጥ ባለው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ወይም በዘይት ማነስ ላይ ነው።

ፔዳሉን ሳትረግጡ ጸጥ ብሎ ስትረግጡ የሚጮህ ከሆነ፣ ጥርጣሬው በፍሪሲዮኑ ገፊ ኩሽኔታ ላይ ነው። ይህ ከካምቢዮው ውጭ ያለ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ «ካምቢዮ ይቀየር» ቢሏችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ሆኖም ወደ ኩሽኔታው ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮው ይወርዳል። ትልቁ የእጅ ዋጋም ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት የፍሪሲዮኑን ዲስክና መክደኛውን ኩሽኔታው ሲቀየር አብሮ ማስቀየር ይመከራል፤ አለበለዚያ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

ማርሽ ስታስገቡ

«ክርርር» የሚለው በሁሉም ማርሽ ከሆነ፣ ፍሪሲዮኑ ሞተሩን በደንብ እየለየ አይደለም። ገመዱ ላልቶ ወይም የፍሪሲዮን ፈሳሹ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ይህ አንዳንድ ጊዜ በቀላል ዋጋ ይስተካከላል።

በአንድ ማርሽ ብቻ፣ ለምሳሌ ሁለተኛ ስታስገቡ ብቻ ከሆነ ግን፣ የዚያ ማርሽ ማስተካከያ ቀለበት ሳያልቅ አይቀርም። ይህ ቀለበት የጥርሶቹን ፍጥነት እኩል አድርጎ ያገናኛቸዋል። በድሮ የጭነት መኪናዎች ላይ ሾፌሮች ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ይረግጡ የነበረው ቀለበቱ ስላልነበረ ነው። ቀለበቱ ካለቀ ካምቢዮው መከፈቱ አይቀርም።

የኋላ ማርሽ ግን የተለየ ነው። በብዙ መኪናዎች ይህ ቀለበት የለውም። ፔዳሉን ረግጣችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይታችሁ አስገቡት። ወደ ኋላ ስትሄዱ የሚሰማው «ውውው» የሚል ድምፅም በብዙ መኪና የተለመደ ነው፤ ጥርሱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ስለሆነ ነው። ለዚህ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ።

በመንገድ ላይ

ጩኸቱ በአንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ የዚያ ማርሽ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ይጠረጠራል። በሁሉም ማርሽ ከሆነና በፍጥነት ከጨመረ፣ መሪውን በመጠኑ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በሚያዞር መንገድ ላይ አዳምጡ። ወደ አንድ ጎን ስትታጠፉ የሚበረታ፣ ወደ ሌላው ስትታጠፉ የሚቀንስ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። መሪው እስከ መጨረሻ ሲታጠፍ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ደግሞ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ መገጣጠሚያ ነው። ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ «ዷ» የሚል ከሆነ ሞተሩንና ካምቢዮውን የያዙት ጎማዎች ይታዩ።

ማርሹ በራሱ እየወጣ ፎሌ የሚሆን ከሆነ ግን አትጠብቁ። ዳገትና ቁልቁለት ላይ አደጋ ያመጣል።

አስቀድሞ ዘይቱ

ማታ ከመኪናው በታች ካርቶን ዘርጉ፤ ጠዋት ነጠብጣብ ካለ ለሙሳኩ አሳዩ። የካምቢዮ ዘይት ከሞተር ዘይት የተለየ መሙያ አለው። ዓይነቱም የመኪናው መጽሐፍ የሚያዝዘው መሆን አለበት። ዘይት አንሶት የሚነዳ ካምቢዮ ዛሬ ይጮሃል፤ ቆይቶ ይሰበራል። በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር ግን አትግቡ።

ሙሳክ ውስጥ ምን ትላላችሁ?

የሰማችሁትን በወረቀት ጻፉ፦ መቼ፣ በየትኛው ማርሽ፣ ፔዳሉ ተረግጦ ወይስ ሳይረገጥ። ከዚያ እንዲህ በሉ፦ «ዬሽ ራዓሽ ባጊር ክሼአኒ ሎኼጽ ዓል ሃክላች»፤ ፍሪሲዮኑን ስረግጥ ከካምቢዮው ድምፅ አለ ማለት ነው። ሴት «ሎኼጼት» ትላለች። መካኒኩ ከእናንተ ጋር ተቀምጦ ጥቂት እንዲነዳ ጠይቁት፤ ድምፁን እርሱም መስማት አለበት።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ሃጻዓት ምሒር» ማለትም የዋጋ ግምት በጽሑፍ ጠይቁ። ተጨማሪ ብልሽት ቢገኝ ሳይጠይቋችሁ እንዳይሠሩ፣ «አል ተታክኑ ሊፍኔ ሼቲትካሽሩ ኤላይ» በሉ፤ ሳትደውሉልኝ አትጠግኑ ማለት ነው። የወጣውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ስትከፍሉ «ሔሽቦኒት» ተቀበሉ፤ «አሕራዩት» ማለትም ዋስትናው ለስንት ጊዜ እንደሆነ ይጻፍበት። ሙሳክ ከትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱን ማየት ነውር አይደለም።

ልጃችሁ ዕብራይስጥ ከቻለ ለማስተርጎም ይዛችሁት ሂዱ፤ ውሳኔው ግን የእናንተ ይሁን። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ዋጋው ከከበዳችሁ «እመለሳለሁ» ብላችሁ ሌላ ሙሳክ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በመጨረሻም፣ ነገ ጠዋት በወደቡ በር ሰልፍ ስትይዙ እግራችሁን ተመልከቱ። ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ የምትጠብቁ ከሆነ፣ ያንን ኩሽኔታ በየደቂቃው እያደከማችሁት ነው። ማርሹን ፎሌ አድርጉ፤ ፔዳሉን ልቀቁ፤ በፍሬን ቁሙ። እጃችሁንም ከማርሽ ዘንጉ ላይ አንሡ፤ የእጅ ክብደት ውስጡን ይበላዋል። ይህ ምንም አያስከፍልም። መኪናውም ለነገው ፈረቃ ያደርሳችኋል።