ስለ ነፋስ መጭመቂያ መኪና አመራረጥና ስለ ኃይሉ

በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. አሠሩ፤ ክብደቱም ሰባት ቶን ገደማ ነው። ያን ያህል ነሐስ ለማቅለጥ ብርቱ እሳት፣ ለብርቱ እሳትም ብዙ ነፋስ ያስፈልጋል።

አንጥረኛ በወናፉ ከሰሉን ያናፋል፤ ነገር ግን እጁ ባረፈ ጊዜ ነፋሱም ያርፋል። ኮምፕሬሰር የሚባለው መኪና ግን ነፋስን ጨምቆ በብረት በርሜል ያከማቻል፤ በእርሱም ጎማ ይነፋል፣ ቀለም ይረጫል፣ ትቢያ ይራገፋል። በቤቱ ሆኖ የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ይህን መኪና ሊገዛ ሲያስብ አስቀድሞ አራት ነገር ይመርምር።

መጀመሪያ፣ ሥራውን ይወቅ። ለጎማ ጥቂት ነፋስ ይበቃል፤ ቀለም የሚረጭ ግን ሳያቋርጥ ይፈጃል። በርሜሉ እንደ ጎተራ ነው፤ የሚገባው ካነሰ ትልቅ ጎተራም ይራቆታል። ስለዚህ የበርሜሉን ትልቅነት ብቻ ሳይሆን መኪናው በደቂቃ ስንት ሊትር ነፋስ እንደሚሰጥ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ የአገሩን ከፍታ ያስብ። ይህ በደጋ ለምንኖር ዋና ነገር ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በጉና ሥር ያለችው ገሳይም ደጋ ናት። በዚህ ከፍታ የነፋሱ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። መኪናው የሚውጠው ነፋስ ስስ ነውና በርሜሉን ለመሙላት ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። በላዩ የተጻፈው ቍጥር ግን ብዙ ጊዜ ለባሕር ዳርቻ የተሰላ ነው። እንግዲህ ሥራው 150 ሊትር ቢፈልግ 200 የተጻፈበትን መምረጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ኃይሉን ይመልከት። በአገራችን ወደየቤቱ የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ሁለት የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 1,500 ዋት ያህል ጉልበት ይሰጣል፤ ሲነሣ ግን ለጥቂት ጊዜ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። ሽቦው ቀጭንና ረዥም እንደሆነ ሞተሩ ኃይል አጥቶ ያጓራል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ስለዚህ ሥራው ራቅ ያለ እንደሆነ ሽቦውን ከማስረዘም የነፋሱን ላስቲክ ማስረዘም ይሻላል። በጄኔሬተር የሚጠቀምም ሰው የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህል እንደሚያጣ አይርሳ።

አራተኛ፣ ከአደጋ ይጠንቀቅ። ነፋስ ሲጨመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ በበርሜሉ ሥር ይጠራቀማል፤ ብረቱንም ከውስጥ ያዝገዋል። በውጭ አዲስ የሚመስል በርሜል ፈንድቶ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ማታ ማታ ውሃው ከሥር ባለው መክፈቻ ይፍሰስ፤ ከመጠን ያለፈውን ነፋስ በራሱ የሚያስወጣው መክደኛ ከቶ አይደፈን፤ የዛገም በርሜል በብየዳ ተጠግኖ አይሠራበት። ነፋሱን ወደ ሰው ገላ፣ ይልቁንም ወደ ዐይንና ወደ ጆሮ ማዞር ፈጽሞ አይገባም።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ለልጆች ለማስረዳት የብስክሌት መንፊያ ይበቃል። አፉን በጣት ደፍነው ቢጫኑት የታመቀው ነፋስ እጅን መልሶ ይገፋል፤ ሲደጋገምም መንፊያው ይሞቃል። ሽማግሌዎችም ጎረቤታቸው መኪና ሊገዛ ሲነሣ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሚሠራበትን አገር አስቦ እንዲገዛ ይምከሩት።