ያገለገለ የተማሪ ኮምፒዩተር ለሚያስመጡ ነጋዴዎች

ከሾላ አንሥቶ እስከ እንጦጦ ግርጌ ባሉት የየካ ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ፣ ገዢው የብራውዘሩን ቅንብር በራሱ እጅ ለመያዝና የተማሪውን አጠቃቀም ለመከታተል እንደሚፈልግ ማወቅ ይገባዋል። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ያገለገለ ክሮምቡክ ግን በዚህ ረገድ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻዋል። የቀድሞው ትምህርት ቤት ከመዝገቡ ካልሰረዘው፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ቢደመሰስ እንኳ፣ ከኢንተርኔት ጋር እንደ ተገናኘ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀድሞው አስተዳዳሪ ቁጥጥር ይመለሳል። የየካው ተማሪ ባሕር ማዶ ባለ ትምህርት ቤት ደንብ ይታገዳል ማለት ነው! ይህን እገዳ በደንቡ የሚያነሣው የቀድሞው ባለቤት እንጂ የመገናኛ ሰፈር ጠጋኝ አይደለም። ርካሽነቱም እዚህ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ገንዘቡ ከመላኩ አስቀድሞ የእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር መሰረዙ በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ ሳይሰረዝ የተገኘ ቢኖርም ሻጩ ዋጋውን እንዲመልስ በውሉ ይግባ። መከታተያ ጭኖ የሚያስረክብ ነጋዴ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አስቀድሞ ይመልከት።