ምዕራፍ ሦስት፦ ያለ ጦር የሚገኝ ተሰሚነት

አንድ መንግሥት ጎረቤቶቹን በሠራዊት አስፈራርቶ ወይም በገንዘብ ደልሎ ወደ ፈቃዱ ሊያመጣቸው እንደሚችል ሁሉ፣ በመልካም ስሙ፣ በጥበቡና በአስታራቂነቱ ልባቸውን ማርኮ በገዛ ፈቃዳቸው እንዲከተሉት ሊያደርጋቸው ይችላል፤ ይህንንም የፖለቲካ ሊቃውንት ለስላሳ ኃይል ይሉታል።

ከዐድዋ ድል በኋላ በቅኝ አገዛዝ ቀንበር ሥር ለነበሩት አፍሪካውያን የነጻነት ምልክት ሆና የኖረችው ኢትዮጵያ፣ ወንድሞቿ ነጻ መውጣት በጀመሩበት ዘመን ይህን የወረሰችውን ክብር በሥራ ላይ አዋለችው። በ1950 ዓ.ም. ለተቋቋመው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ሰጠች፤ ለአፍሪካውያን ወጣቶች ነጻ የትምህርት ዕድል ከፈተች፤ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽን አስመረቀች። ወደዚያ አዳራሽ የሚገባ እንግዳ፣ 150 ካሬ ሜትር በሚሰፋው በአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ላይ ብርሃን ባረፈ ጊዜ፣ የአህጉሩን ያለፈ መከራ፣ ትግሉንና ተስፋውን በኅብረ ቀለማት ተገልጦ ያያል፤ አስተናጋጁም አገር የሁሉም ቤት መሆኑን ሰባኪ ሳያስፈልገው ይረዳል።

ፍሬውም ዘግይቶ አልቀረም። በካዛብላንካና በሞንሮቪያ ጎራ ተለይተው የነበሩት መንግሥታት፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩ ብዙ ከደከሙበት ምክክር በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቃል ኪዳን ፈረሙ። በጥቅምት 1956 ዓ.ም. አልጄሪያና ሞሮኮ ስለ ወሰን በተዋጉ ጊዜ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የማሊው ፕሬዚዳንት ሞዲቦ ኬይታ በባማኮ የተኩስ ማቆም ስምምነት አስፈረሟቸው፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን መንግሥትና የደቡቡ ተፋላሚዎች በአዲስ አበባ ታርቀው፣ አሥራ አንድ ዓመት ያህል የቆየ ሰላም አገኙ።

ይሁን እንጂ የአንድነት ቃል ኪዳኑ በተፈረመበት በዚያው በ1955 ዓ.ም.፣ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈርሶ ነበር፤ ለሌሎች ሽምግልናን የመከረው መንግሥት የገዛ ቤቱን ጠብ በጦር ሊፈታ ሞከረ። የወሎ ረኃብ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ለዓለም በተገለጠ ጊዜም፣ ችግሩን ሸፍኖ የቆየው መንግሥት በብዙ ዘመን የተገነባውን ክብሩን አጣ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በጎ ስም በጉባኤ ቢያብብም ሥሩ በአገር ውስጥ ፍትሕ ነውና፣ የማንኛውንም አገር ለስላሳ ኃይል በምትመዝንበት ጊዜ፣ ለእንግዶቹ ያደረገውን ከመቁጠርህ አስቀድመህ ለገዛ ሕዝቡ ያደረገውን መርምር።